ምዕራፍ 6፦ መሰርሰሪያው ከመነሳቱ በፊት

የ44 ዓመት ወይዘሮ የሪፈር ወረቀት ይዘው ወደ አንድ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ክሊኒክ መጡ እንበል። ወረቀቱ አጭር ነው፤ «የታችኛው የፊት ጥርሶች፣ ሥራቸው ላይ ኢንፌክሽን፣ ለሩት ካናል»። አብሮ በመጣው ራጅ ላይ በሁለቱ መካከለኛ የታች ጥርሶች ሥር ጫፍ ዙሪያ ጠቆር ያለ ክብ ጥላ ይታያል። የአራተኛ ዓመት ተማሪዋ ወረቀቱን አነበበች፣ ራጁን አየች፣ ሁለቱ ገጠሙላት። መማሪያ መጽሐፏ ውስጥ ያለው ሥዕልም ይኸው ነው፦ የሞተ የጥርስ ነርቭ፣ በሥሩ ጫፍ የወጣ ኢንፌክሽን፣ የተበላ አጥንት። በዚያ ላይ ሴሚስተሩ ከማለቁ በፊት ልትሠራው የሚጠበቅባት የሩት ካናል ቁጥር ገና አልሞላም። ማደንዘዣውን ልታዘጋጅ ተነሳች።

ወይዘሮዋን ግን እነዚያ ጥርሶች አመዋቸው አያውቁም። መጀመሪያ ክሊኒክ የሄዱት ለሌላ ጥርስ ነበር፤ ጥላው የታየው በአጋጣሚ ነው። የፊት ጥርሶቻቸው አልተቦረቦሩም፣ ተመትተው አያውቁም፣ ቀለማቸውም አልተለወጠም። ታዲያ ነርቩ በምን ሞተ? ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው ቀጥሎ የሚያደርገው ነገር ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ትንሽ ጥጥ ላይ ቀዝቃዛ ስፕሬይ ነፍቶ መጀመሪያ ጤነኛ መሆኑ በታወቀ ጥርስ ላይ፣ ከዚያ በተጠረጠሩት ላይ ያስነካል። ወይዘሮዋ በሁሉም ላይ እኩል «ቀዘቀዘኝ» ይላሉ፤ ጥጡ ሲነሳም ስሜቱ ወዲያው ይጠፋል። ነርቩ ሕያው ነው። ነርቩ ሕያውና ጤነኛ ከሆነ ደግሞ ጥላው ከጥርሱ የመጣ ኢንፌክሽን ነው ማለት አይቻልም።

የዚህ ጥላ የሕክምና ስሙ ፔሪአፒካል ኦሲየስ ዲስፕሌዢያ ነው። በጥርሱ ሥር ጫፍ ዙሪያ ያለው አጥንት ቀስ በቀስ በለስላሳ ሥጋ መሰል ነገር ይተካል፤ ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ ያ ለስላሳ ነገር ይጠጥራል። ስለዚህ በራጅ ላይ መጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለ፣ በመጨረሻም ነጭ ሆኖ ይታያል። በብዛት የሚያጋጥመው ከ30 እስከ 50 ዓመት ባሉ ሴቶች፣ ከእነሱም ይበልጥ አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ላይ፣ በታችኛው የፊት ጥርሶች ሥር ነው። አያምም፤ ሕክምናም አይፈልግም። ለታካሚዋ ማስረዳት፣ ካርዳቸው ላይ መመዝገብና አልፎ አልፎ በራጅ መከታተል ይበቃል። ይህን ያላወቀ እጅ ግን ጤነኛ ጥርስ ይበሳል፣ ሕያው ነርቭ ያወጣል። ወይዘሮዋም ገንዘባቸውን ከፍለው፣ ጥርሳቸው ተዳክሞ ይሄዳሉ። ጥላው ደግሞ እዚያው ነው።

ኬዙ ለማስተማሪያ የተቀናበረ ነው። በሽታው ግን በየክሊኒኩ አለ፤ ስህተቱም በሕክምናው መጻሕፍት ውስጥ ደጋግሞ ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ተማሪዋ ስለ በሽታው መማሯ ነው። የአፍ ፓቶሎጂ ፈተና ላይ «ፔሪአፒካል ኦሲየስ ዲስፕሌዢያ በብዛት በማን ላይ ይታያል?» ተብላ ብትጠየቅ ሳታመነታ ትመልሳለች። ዕውቀቱ ጭንቅላቷ ውስጥ አለ፤ በሚፈለግበት ሰዓት ግን አልመጣላትም። ጥሪው በበሽታው ስም በኩል አልመጣማ! የመጣው በአንዲት ሴት፣ በአንድ ራጅና ሌላ ሰው ቀድሞ በወሰነበት ወረቀት በኩል ነው።

በዚህ ምዕራፍ የምከራከርለት ነገር አንድ ነው። ተማሪ ክሊኒካዊ ማመዛዘንን የሚማረው ያልተፈታ ኬዝ ፊቱ ተቀምጦ፣ መረጃው ጥቂት በጥቂት እየተሰጠው፣ መልሱን ከማየቱ በፊት የራሱን ፍርድ በጽሑፍ እንዲሰጥ ሲገደድ ነው። ሌክቸር ለዚህ መሠረት ይጥላል እንጂ ቦታውን አይተካም። ዓመታት ማለፋቸውም ብቻውን አይበቃም።

በሕክምናው ዓለም ይህ ጉዳይ የሁሉም ቢሆንም በጥርስ ሐኪም ላይ ይከብዳል። የውስጥ ደዌ ሐኪም ብዙ ጊዜ መድኃኒት ጀምሮ፣ ውጤቱን አይቶ፣ ካልሠራ መልሶ ማሰብ ይችላል። ራውንድ አለ፣ ሲኒየር አለ፣ ነገ ጠዋት ታካሚው እዚያው አልጋ ላይ ይገኛል። የጥርስ ሐኪም ግን አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነው፤ መርምሮ፣ ወስኖ፣ እዚያው ወንበር ላይ በገዛ እጁ ይሠራል። የተሰረሰረ የጥርስ ገለፈት መልሶ አይበቅልም። የተነቀለ ጥርስ አይመለስም። በሐሳብና በእጅ መካከል ያለው ጊዜ አንዳንዴ ማደንዘዣው እስኪይዝ የሚጠበቀው ያህል ብቻ ነው።

ሥልጠናው ራሱ ደግሞ እጅን ያስቀድማል። በብዙ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ተማሪ ለመመረቅ ይህን ያህል ጥርስ ሞልቶ፣ ይህን ያህል ነቅሎ፣ ይህን ያህል ሩት ካናል ሠርቶ መገኘት አለበት። የእጅ ሙያ ሳይለማመዱት አይገኝምና የሐሳቡ መነሻ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ኮታ ሲጠብቅ ተማሪው ለኮታው የሚሆን አፍ ፍለጋ ይወጣል። «ይህ ታካሚ ምን ያስፈልገዋል?» የሚለው ጥያቄ ቀርቶ «ይህ ታካሚ ምን ይሞላልኛል?» የሚለው ይነግሣል። አለመሥራት በየትኛውም ኮታ ውስጥ አይቆጠርም። ለእነዚያ ወይዘሮ ትክክለኛው ሕክምና ግን ያው አለመሥራት ነበር።

በኬዝ ማስተማር አዲስ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1870 ክሪስቶፈር ኮሎምበስ ላንግዴል የሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ዲን ሲሆን፣ ተማሪዎቹ የሕግ መርሆችን ከመሸምደድ ይልቅ በፍርድ ቤት የታዩ ጉዳዮችን እያነበቡ እንዲከራከሩ አደረገ። በ1900 ደግሞ እዚያው ሃርቫርድ የሕክምና ተማሪ የነበረው ዋልተር ካነን ይኸው ዘዴ ለሕክምና ትምህርትም ይሁን ብሎ ጽሑፍ አወጣ። ኋላ ዝነኛ የፊዚዮሎጂ ሊቅ የሆነው ካነን ይህን ሲጽፍ ገና አልተመረቀም ነበር፤ ጥያቄውን ያነሳው ሌክቸር የሰለቸው ተማሪ ነው። ሪቻርድ ካቦት ሐሳቡን ተቀብሎ በ1906 በኬዝ ስለ ማስተማር መጽሐፍ አሳተመ። በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታልም አንድ ሐኪም የማያውቀው ታካሚ ታሪክ ተሰጥቶት በጉባኤ ፊት የሚያመዛዝንበትን፣ በመጨረሻ ፓቶሎጂስቱ ተነሥቶ እውነቱን የሚገልጥበትን ስብሰባ ልማድ አደረገው። አንድ የተከበረ ሐኪም በባልደረቦቹና በተማሪዎቹ ፊት ተሳስቶ የሚታይበት መድረክ ነበር። ይህ ድፍረት ለትምህርቱ ከኬዙ የማይተናነስ ነገር ይመስለኛል።

የጥርስ ሕክምናው ዘግይቶ ደረሰ። በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ በ1840 ባልቲሞር ሲከፈት ከሕክምና ትምህርት ቤቶች ተለይቶ ነበር፤ መለየቱም ሙያውን ለረጅም ጊዜ ወደ እጅ ጥበብ እንዲያዘነብል አድርጎታል። ዊሊያም ጊስ በ1926 ለካርኔጊ ፋውንዴሽን ባቀረበው ታላቅ ሪፖርት የጥርስ ሐኪም በሳይንስ ዕውቀቱ ከሌላው ሐኪም ሊያንስ እንደማይገባ አጥብቆ ተከራክሯል። ከዚያ ወዲህም የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ በ1969 ሕክምናን ከችግር በመነሣት ማስተማር ጀመረ፤ በ1990 የስዊድኑ የማልሞ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ሥርዓተ ትምህርቱን በሙሉ በዚያው መንገድ ቀረጸ። ችግርን መነሻ ባደረገው ትምህርት ተማሪው ሳይዘጋጅ ይገባል፣ መምህሩም እምብዛም አይመራም። በኬዝ ሲማሩ ግን ተማሪው አንብቦ ይመጣል፣ መምህሩም መንገድ ሲሳት ይመልሳል። ጊዜና መምህር በሚያጥርበት ቦታ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

እንግዲህ በባለሙያው ጭንቅላት ውስጥ ምን አለ? በ1978 አርተር ኤልስታይን፣ ሊ ሹልማንና ሣራ ስፕራፍካ የሐኪሞችን አስተሳሰብ አጥንተው ያሳተሙት መጽሐፍ ብዙ ሰው ያልጠበቀውን ነገር አወጣ። ነባር ሐኪሞች ከጀማሪዎች የሚለዩት በተለየ የማሰብ ስልት አልነበረም። ሁለቱም ታካሚው ገና ማውራት ሲጀምር ጥቂት ግምቶችን ይይዛሉ፤ ከዚያ ግምቶቹን ይፈትናሉ። ልዩነቱ ግምቶቹ ምን ያህል ጥሩ ናቸው የሚለው ላይ ነው። ሌላው ግኝት ደግሞ ለመምህራን የበለጠ ከባድ ነው፦ በአንድ ኬዝ ላይ በደንብ ያመዛዘነ ሐኪም በሌላው ኬዝ ላይም እንደዚያው ያመዛዝናል ማለት አይቻልም። «ማመዛዘን» ተብሎ አንድ ጊዜ ተምረውት በሁሉም ላይ የሚሠራ ጥቅል ችሎታ የለም። ስለዚህ አንድ ድንቅ ኬዝ በሴሚስተር አይበቃም፤ ብዙ ኬዝ፣ ደግሞም ልዩ ልዩ ኬዝ ያስፈልጋል።

ሄንክ ሽሚት፣ ጄፍሪ ኖርማንና ሄኒ ቦስሃውዘን በ1990 ባወጡት ጽሑፍ የዚህን ምክንያት አብራርተዋል። ባለሙያ በሽታን በአእምሮው የሚይዘው ከነባለቤቱ ነው፤ በማን ላይ ይመጣል፣ እንዴት ይጀምራል፣ ምን ይመስላል፣ ምን አይመስልም። ታካሚው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ይህ የተቋጠረ ታሪክ በአንድ ጊዜ ይነቃል፤ የማይገጥም ነገር ሲኖርም «ቆይ» ያሰኛል። የተማሪው ዕውቀት ግን በኮርስ ተከፋፍሎ የተቀመጠ ነው። ፓቶሎጂው አንድ ደብተር ላይ፣ የራጅ ንባቡ ሌላው ላይ፣ የነርቭ ምርመራው ሦስተኛው ላይ። ኬዝ እነዚህን ደብተሮች በአንድ ሰው አፍ ውስጥ ያገናኛቸዋል።

አሁን የወይዘሮዋን ኬዝ ወደ ክፍል እናስገባው። ሰባት ስምንት ተማሪዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። መምህሩ የመጀመሪያውን ወረቀት ያድላሉ፤ ዕድሜ፣ የሪፈሩ ቃል፣ ራጁ። ሌላ ምንም የለም። እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው ሦስት ግምትና አንድ ጥያቄ ይጽፋል፤ ሁሉም ጽፎ ሳይጨርስ ማንም አይናገርም። ይህ ደንብ ትንሽ ቢመስልም የክፍለ ጊዜው አከርካሪ ነው። ደፋሩ ተማሪ ቀድሞ ከተናገረ የቀሩት ማሰብ ያቆማሉ።

«ዶክተር፣ እኔ ኢንፌክሽን ነው ብያለሁ» ይላል አንዱ።

«ምን አይተህ?»

«ራጁ ላይ ጥቁር ጥላ አለ። ሪፈሩም እንደዚያ ይላል።»

«ሪፈሩን ለጊዜው ተወው። ነርቩ ሞቷል ካልክ ምን ገደለው?»

ልጁ ዝም ይላል። መምህሩም ዝም ይላሉ። ብዙ መምህር የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ዝምታውን መሸከም አቅቶት መልሱን ይናገራል። እኚህ ግን ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ወደ ጎን ይዞራሉ። «አንቺስ?»

«እኔ እጠይቃቸዋለሁ። እትዬ፣ እዚህ ጋ ተመትተው ወይም ወድቀው ያውቃሉ? አብጦብዎት፣ አሞዎት ያውቃል? እላለሁ።»

«ጠየቅሽ። አንዱም የለም አሉሽ። አሁን ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ነርቩን መፈተን።»

«በምን? ስንቱን ጥርስ? በየትኛው ትጀምሪያለሽ?»

ሁለተኛው ወረቀት የሚወጣው ሲጠየቅ ብቻ ነው። ቀዝቃዛውን ፈተና ማንም ካልጠየቀ ውጤቱ አይነገርም፤ ተማሪዎቹ ያለ እሱ ይወስናሉ፣ የውሳኔያቸውንም መዘዝ ኋላ ያዩታል። ጥላው ካለበት ሥጋ ተቆርጦ ይመርመር ያለ ተማሪም ቢኖር ይሰማል፤ ግን «ምን ብታገኝ ሐሳብህን ትቀይራለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። በዚህ ሙያ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ አላውቅም። መልሱን የሚቀይር ነገር ከሌለ ምርመራውን ማዘዝ ታካሚን ያለ ምክንያት ማስቸገር ነው።

ኬዙ ተፈታ ሲባል ሥራው ግማሽ ነው። ቀጥሎ የ23 ዓመት ወጣት ይመጣል። ተመሳሳይ ራጅ፣ ተመሳሳይ ቦታ፣ ነገር ግን ጥላው በአንድ ጥርስ ሥር ብቻ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ከብስክሌት ወድቋል፤ ጥርሱ ወደ ግራጫነት አድልቷል፤ ቀዝቃዛው ሲነካው ምንም አይሰማውም። እዚህ ሩት ካናሉ ትክክል ነው። ሁለቱን ራጆች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ሁለቱን የሚለያቸው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ሃያ ስላይድ ከማሳየት የበለጠ ይሠራል። በልብ ምት ኤሌክትሮካርዲዮግራም ንባብ ላይ የሮዝ ሃታላ ቡድን በ2003 ያወጣው ጥናትም ይህንኑ ይደግፋል፤ ምሳሌዎችን በየዓይነታቸው ለይተው ከተለማመዱት ይልቅ ቀላቅለው የተለማመዱት ተማሪዎች አዲስ ንባብ ሲሰጣቸው የተሻለ ለዩ። የሩት ካናል ሳምንት፣ የድድ ሳምንት፣ የመንቀል ሳምንት ብሎ ከፋፍሎ ኬዝ መስጠት መልሱን በር ላይ እንደ መለጠፍ ነው። ታካሚ የትኛው ሳምንት እንደሆነ ሳያውቅ ይመጣል።

ኬዙ ሲጻፍ የማይጠቅም መረጃም ይግባበት። የጨጓራ መድኃኒት እንደሚወስዱ፣ ልጃቸው ትዳር እንደያዘላቸው፣ ሌላ ጥርሳቸው ከሁለት ዓመት በፊት እንደተነቀለ። የሚጠቅመውን ካልጠቀመው መለየት ራሱ ሙያው ነውና። ሕመሙም በታካሚው ቃል ይጻፍ። በአገራችን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ ታካሚው ግን «ሌሊት ይጠዘጥዘኛል» ወይም «ፊቴን ስታጠብ እንደ ኮረንቲ ይነዝረኛል» ይላል። የመጀመሪያው ወደ ታመመ የጥርስ ነርቭ ይመራል፤ ሁለተኛው ከጥርስ ውጭ ያለ የፊት ነርቭ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ጥርስ ለመንቀል መቸኮልን ይከለክላል። አንድ የ60 ዓመት አባት ደግሞ «ዳገት ስወጣ ግራ መንጋጋዬን ያመኛል፣ ስቀመጥ ይተወኛል» ቢሉ፣ ያ ሕመም ከልብ ሊሆን ስለሚችል ከወንበሩ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መላክ ይኖርባቸዋል። እንዲህ ያለውን ኬዝ ተማሪ በክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ ቢሳሳትበት ሰው አይሞትም።

ከውጭ የመጣ የኬዝ መጽሐፍ ገልብጦ ማስተማር ብዙ ይጎድለዋል። በአዲስ አበባ፣ በጅማ ወይም በጎንደር የሚማር ተማሪ የሚያየው አፍ የራሱ ታሪክ አለው። የስምጥ ሸለቆን ውኃ እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ እጅግ ይበልጣሉ፤ ወንጂ ላይ የደረሰው የጥርስና የአጥንት ጉዳትም ለረጅም ጊዜ የተጠና ነው። ጥርሱ ነጭና ቡናማ የተዥጎረጎረ ወጣት ሲመጣ ተማሪው «ተበልቷል» ብሎ መሰርሰሪያ ያነሳል ወይስ ያስተውላል? ፍሎሮሲስ በግራና በቀኝ ተመሳሳይ ጥርሶች ላይ እኩል ይታያል፣ ጥርሱን አግድም ተከትሎ ይሄዳል። የጅማሬ መቦርቦር ግን ቆሻሻ በሚጠራቀምበት ከድድ ጠርዝ አጠገብ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይጀምራል። ወሳኙ ጥያቄም ከመሣሪያ ሁሉ ይቀላል፦ «እስከ ስምንት ዓመትህ ድረስ ያደግኸው የት ነው? የምን ውኃ ትጠጡ ነበር?» ከማሰብ ጥርስ በስተቀር የቋሚ ጥርሶች ገለፈት በአብዛኛው የሚሠራው እስከዚያ ዕድሜ ስለሆነ ነው።

ወይም ድዳቸው የጠቆረ አንዲት እናት እንውሰድ። የተፈጥሮ ቀለም ሊሆን ይችላል፤ ከድሮ የብረት ሙሌት የቀረ ብናኝ፣ የመድኃኒት ውጤት፣ የአድሬናል ዕጢ ሕመም፣ አልፎ አልፎም ሜላኖማ የተባለው አደገኛ ካንሰር ሊሆን ይችላል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ግን ድድ መነቀስ የቆየ የውበት ልማድ ነው። ኢትዮጵያዊ ተማሪ ይህን ከእናቱ ወይም ከአያቱ ያውቀዋል። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለ ሐኪም ግን ካልጠየቀ ሥጋ ቆርጦ ወደ ላቦራቶሪ ሊልክ ይችላል። ያ የኛ ተማሪ ደግሞ «ንቅሳት ነው» ብሎ ሳይመረምር ማለፍ የለበትም። ከልጅነት ጀምሮ የነበረ ነው ወይስ አዲስ? ጠርዙ እኩል ነው? አድጓል? የሚያውቁት ነገር ሲያጋጥም ማሰብ ማቆምም ስህተት ያመጣል።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ኬዝ ግን የአራት ዓመቱ ልጅ ነው። እናቱ ለሌላ ጥርስ ሕመም አምጥተውታል። ሐኪሙ ሲያይ ሁለቱ የታችኛው የወተት ክራንቻ ጥርሶች የሉም። አልተቦረቦሩም፣ አልተሰበሩም፤ ጭራሽ የሉም። መጽሐፉ የወተት ክራንቻ ከተፈጥሮ ሳይኖር መቅረት እጅግ ብርቅ ነው ይላል። ታዲያ የት ሄዱ? በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ቦታ ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው፣ ገና ያልወጣው ክራንቻ በድዱ ላይ የሚፈጥረው እብጠት የበሽታው ምንጭ ነው ተብሎ በባህል ሐኪም ተፈልፍሎ ይወጣል። መሣሪያው ንጹሕ ስለማይሆን ልጅ ሊመረዝ፣ ብዙ ደም ሊፈሰው ይችላል። ከሥር እየተሠራ ያለው ቋሚ ጥርስም ሊጎዳ፣ ተበላሽቶ ሊወጣ ወይም ሳይወጣ ሊቀር ይችላል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በገቡ ቤተሰቦች ልጆች ላይ የእስራኤል የጥርስ ሐኪሞች ይህንኑ አይተው በ1990ዎቹ በሙያ መጽሔት ጽፈዋል።

ይህ ኬዝ ከራጅ ንባብ አልፎ አነጋገርን ይፈትናል። «ማን ነው ይህን ያደረገው?» ብሎ የሚጮህ ተማሪ ከእናትየው እውነቱን አያገኝም። «እናቴ፣ ልጁ ሕፃን እያለ በጣም አሞት ያውቅ ነበር? ያኔ ምን አደረጋችሁለት?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ያገኛል፤ ምናልባትም ቤት ውስጥ ያለችውን የስድስት ወር እህቱን ከዚሁ ያድናታል። ይህን በሌክቸር ማስተማር እንዴት ይቻላል? ክፍል ውስጥ አንዱ እናት ሆኖ፣ ሌላው ሐኪም ሆኖ፣ ደጋግሞ መለማመድ ያስፈልጋል።

ለእውነት መታመን አለብንና ማስረጃው የሚለውንም እንናገር። ጂል ቲስትልዌይትና ባልደረቦቿ በ2012 በጤና ትምህርት ውስጥ በኬዝ ስለ መማር የተጻፉ 104 ጽሑፎችን መርምረው ነበር። ተማሪዎች በኬዝ መማርን እጅግ ይወዱታል፣ ይጠቅመናልም ይላሉ፤ ከሌላው ዘዴ ይበልጥ ያስተምራል ወይ ለሚለው ግን የተሰበሰበው መረጃ ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠም። ከዚያ በፊት በ2007 በወጣ ጥናት ደግሞ፣ ሁለት የካሊፎርኒያ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከችግር ተኮሩ ወደ ኬዝ ተኮሩ ዘዴ ሲቀየሩ ከተጠየቁት ተማሪዎች 89 በመቶ አዲሱን መርጠዋል። መውደድ ግን መማር አይደለም። እኔ ከዚህ የምረዳው ዘዴው እንደ አያያዙ መሆኑን ነው። በብዙ ቦታ «ኬዝ» ተብሎ የሚሰጠው መምህሩ ታሪኩን አንብቦ፣ ራሱ ጠይቆ፣ ራሱ መልሶ የሚወጣበት ክፍለ ጊዜ ነው። እሱ ታካሚ የተጨመረበት ሌክቸር ነው፤ ውጤቱም ከሌክቸር ባይበልጥ አያስገርምም።

ፈተናውም መስተካከል አለበት። ዓመቱን በሙሉ በኬዝ ተምሮ በመጨረሻ «ከሚከተሉት የትኛው ነው» ለሚለው ብቻ የሚቀመጥ ተማሪ ጉልበቱን ወደሚፈተንበት ያዞራል፣ ማንም አይፈርድበትም። አዲስ ኬዝ ይሰጠው፤ ምን እንደሚጠይቅ፣ ምን እንደሚያዝ፣ ምን እንደማይሠራና ለምን እንደማይሠራ ይጻፍ። በክሊኒኩ መዝገብም ከሞላቸውና ከነቀላቸው ጥርሶች ጎን፣ በምክንያት ሳይነካ ለተዋቸው ጥርሶች ነጥብ ይሰጠው።

ይህን የምታነቡ የጥርስ ሕክምና መምህራን ሆይ፣ የኬዝ መጽሐፍ እስኪመጣላችሁ አትጠብቁ። ክሊኒካችሁ ውስጥ ያለው የካርድ ክፍል ሙሉ ነው። ከታካሚው ፈቃድ ጠይቁ፣ ስሙንና የሚያስለየውን ሁሉ አውጡ፣ ራጁን አያይዙ፣ የመጣበትን ቃል እንደ ተናገረው ጻፉ፣ መልሱን ለብቻ አስቀምጡ። የወንጂውን ጥርስ፣ የተነቀሰውን ድድ፣ ክራንቻ የሌለውን ሕፃን፣ ሪፈር የያዙትን ወይዘሮ። በወር አንድ ኬዝ ከእያንዳንዱ መምህር ቢሰበሰብና ትምህርት ቤቶቹ ቢለዋወጡት፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአገራችን አፍ ላይ የተመሠረተ የኬዝ ስብስብ ይኖረናል። የሚጠይቀው ወረቀት፣ ጊዜና ተማሪው ሲያስብ ዝም ብሎ የመጠበቅ ትዕግሥት ነው።